ድራሙ ማንን ይሰማል? ኪቦርድ፣ ድራመርና ከበሮ በእንጅባራና በዳንግላ

ጥር ሲገባ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ባለው አስፋልት ግራና ቀኝ ድንኳን ሳያዩ መጓዝ ይከብዳል። ጥምቀት አልፎ ዐቢይ ጾም እስኪያዝ ባሉት ጥቂት ሳምንታት የአዊ ሕዝብ ልጁን ይድራል፣ ይኩላል። ከድንኳኖቹ የሚወጣው ድምፅ ግን ድሮ እንደምናውቀው አይደለም። ጥግ ላይ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ሚክሰርና ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ቆመዋል፤ ድራሙም፣ ቤዙም፣ ክራሩም፣ አንዳንዴ ማሲንቆውም ከዚያው ይወጣል። ተጫዋቹ አንድ ሰው ነው፤ ዘፋኙ ሲጨመር ሁለት። ጠላው ከሚቀዳበት ጓሮ እስከ አውራ ጎዳናው ድረስ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ድራም ይሰማል።

ኪቦርድ ተጫዋቾች ሲገናኙ የሚነሳ ክርክር አለ። ያማሃ ይሻላል ወይስ ኮርግ? የየትኛው ስኔር ጥርት ብሎ ይወጣል? የየትኛው ቤዝ ድራም ደረት ያንቀጠቅጣል? ክርክሩ ሲጦፍ «ይኼማ ከድራመር በምን ይለያል!» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን ክርክር በአክብሮት ነው የምሰማው፤ እንጀራቸው ነውና። መመዘኛው ግን የተሳሳተ ይመስለኛል። የሚመዝኑት አንዷን ምት ነጥለው ነው። አንዲት ምት ብቻዋን ተሰምታ ብታምር ለጨፋሪው የምትሰጠው ነገር የለም፤ የሚያስጨፍረው የምቶቹ አከታተልና የመቺው ጆሮ ያለበት ቦታ ነው። ደግሞም በአዊ ሰርግ ቤት ኪቦርዱ ድራመርን አልተካም፤ ድራም ሴት ደርድሮ የሚመታ ድራመር በሰርጋችን ድሮም አልነበረም። የተተካችው ከበሮዋን አንግታ የምትመታው ሴትና ዙሪያዋን ቆሞ የሚያጨበጭበው ሕዝብ ናቸው። ፍርዱ ከዚህ መነሳት አለበት።

ስለ ድምፅ ጥራት መጀመሪያ ሐቁን እንናገር፤ ማሽኑ በጣም ተሻሽሏል። እ.ኤ.አ. በ1959 ዉርሊትዘር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሳይድማን የሚባል የምት ማሽን ለገበያ ሲያቀርብ፣ የሚሰማው ከኤሌክትሪክ የተፈጠረ፣ ድራምን በሩቁ የሚያስታውስ ድምፅ ነበር። በ1980 ሮጀር ሊን እውነተኛ ድራም ቀድቶ መልሶ የሚያሰማ ኤልኤም 1 የተባለ ማሽን አወጣ። በ1983 መሣሪያዎች እርስ በርስ የሚግባቡበት ሚዲ የተባለው ሥርዓት መጣ። በ1991 ደግሞ ጄኔራል ሚዲ በተባለው ስምምነት የየትኛውም ኩባንያ ኪቦርድ ድራሙን 10ኛው ቻናል ላይ እንዲያደርግ፣ ከቁጥር 35 እስከ 81 ባሉት ኖታዎችም 47 የምት ድምፆችን በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል እንዲደረድር ተወሰነ። ያንን ዝርዝር ያየ ሰው የኩባን ኮንጋና ቦንጎ፣ የብራዚልን ኩይካ፣ ማራካሱንም ሦስት ማዕዘኗን ብረትም ያገኛል። ከበሮ የለም፤ አታሞም የለም። ከበሮ የፈለገ የኛ አገር አቀናባሪ ወይ ኮንጋውን ዝቅ አድርጎ መቃኘት፣ ወይ ራሱ ቀድቶ ማስገባት ነበረበት። ዛሬም በየሰርጉ «ከበሮ» ብለን የምንሰማው ድምፅ ብዙ ጊዜ የዚያ ኮንጋ ዘመድ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ለውጥ ቀላል አይደለም። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ2017 ጀኖስ የተባለውን ኪቦርድ ሲያወጣ ሬቮ ድራምስ ያለውን አሠራር ይዞ መጣ፤ ስኔሩ ደጋግሞ ሲመታ ኪቦርዱ እያፈራረቀ የተለያየ ቅጂ ስለሚያሰማ ሁለት ተከታታይ ምቶች መንታ ሆነው አይወጡም። የጣሊያኑ ኬትሮን ደግሞ ድራመር ስቱዲዮ አስገብቶ ሙሉ አመታቱን ቀድቶ በስታይሉ፣ ማለትም ኪቦርዱ ራሱ በሚያጅብበት ዝግጁ ምት ውስጥ ያስቀምጣል። እነዚህን ኪቦርዶች በጥሩ ጆሮ ማዳመጫ የሰማ ሰው ለአንድ ደቂቃ ያህል «ድራመር ነው» ብሎ ቢምል አልፈርድበትም።

በእንጅባራና በዳንግላ ድንኳን የምንሰማው ግን በአብዛኛው ይህ አይደለም። እንዲህ ያሉ ኪቦርዶች በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ነው የሚሸጡት፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ለአንድ የዞን ከተማ ተጫዋች ጭራሽ ርቀዋል። በእጅ ያለው ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ የተገዛ፣ አንድ ሁለት ሰው የተጠቀመበት የቆየ ኪቦርድ ነው። ድራሙ ንጹሕ ነው፤ ሆኖም ስኔሩ በተመታ ቁጥር የሚደገመው ያው አንድ ቅጂ ነው። ይህ ቶሎ የሚታወቀው ሃይሃቱ፣ በእግር በሚከፈተውና በሚዘጋው ጥንድ ሲምባል ላይ ነው። ሰው ሃይሃት ሲመታ የዱላው ጫፍ ያረፈበት ቦታ፣ የእጁ ክብደት፣ የእግሩ ጫና ከምት ምት ትንሽ ትንሽ ይለያያል፤ ቅጂ ሲሆን ሁሉም እኩል እየወጣ ጆሮ ላይ ይንጣጣል። ኪቦርድ ሊገዛ የሚሄድ ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ ሃይሃቱን በፍጥነት ደጋግሞ ቢሰማ ይሻለዋል። ስኔርና ቤዝ ድራም ሱቅ ውስጥ ያታልላሉ።

ከዚህ የሚብሰው ግን ዙሩ ነው። አንድ ስታይል መግቢያ፣ መዝጊያ፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ቫርዬሽንና በየመካከሉ የሚገቡ ፊሎች አሉት። እያንዳንዱ ቫርዬሽን ሁለት፣ አራት ወይም ስምንት ባር ተጉዞ ወደ መነሻው ይመለሳል። በሰርግ ላይ አንድ ዘፈን አሥራ አምስት ደቂቃ ቢሄድ የሚገርመው የለም። ስድስት ስምንተኛ በሆነው ችክችካ በደቂቃ 120 ዋና ምት ብንሄድ አንድ ባር አንድ ሰከንድ ይፈጃል፤ አራት ባር ያለው ቫርዬሽን ሳይቀየር ከቀጠለ በአንድ ዘፈን ውስጥ 225 ጊዜ ይደገማል ማለት ነው። ጨፋሪው ቁጥሩን አይቆጥርም። ከተወሰነ ደቂቃ በኋላ ግን ትከሻው ከድራሙ የሚጠብቀው አዲስ ነገር እንደሌለ ያውቃል፤ ጭፈራው ሳይበርድ በፊት የጨፋሪው ዓይን ይበርዳል። ይህን ያስተዋለ ብልህ ተጫዋች ቶሎ ቶሎ ቫርዬሽን ይቀይራል፣ ፊል ያስገባል። ፊሉም ግን ያው ፊል ነው።

ድራመር ሲመታ ምን ይለያል? እ.ኤ.አ. በ2015 ፊንላንዳዊው ኤሳ ራሳነንና ባልደረቦቹ ይህን በቁጥር መርምረውታል። የመረጡት በ1982 በወጣ የማይክል ማክዶናልድ ዘፈን ላይ ጄፍ ፖርካሮ የመታውን ሃይሃት ነው። ፖርካሮ በምት ጠባቂነቱ በዓለም ከተመሰገኑት ድራመሮች አንዱ ነበር። ያም ሆኖ ምቶቹ ሲለኩ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይቀድማሉ፣ ይዘገያሉ፤ የሚገርመው መዛነፉ የዘፈቀደ አለመሆኑ ነው። የአሁኗ ምት መዛነፍ ከብዙ ምት በፊት ከነበረው ጋር ይያያዛል፣ አመታቱ የራሱ ትውስታ አለው። ማሽኑ ላይ ምቶቹን በዘፈቀደ ትንሽ በማዛነፍ «ሰው አስመስለነዋል» ማለት ስለዚህ አያስኬድም። የሰው አመታት የሚዛነፈው ያለፈውን ይዞ ወደሚመጣው እየሄደ ነው።

ማሽን ስለሆነ ብቻ ይናቅ ማለቴ ግን አይደለም፤ የኛው ሰው ኃይሉ መርጊያ የሠራው ሥራ እንዲህ እንዳልል ይከለክለኛል። ኃይሉ በሒልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን አልበም ሲያወጣ ድራሙ ላይ የተቀመጠው ተማረ ሐረጉ ነበር። በ1981 ዋሊያሶች አሜሪካ ሲሄዱ ኃይሉ እዚያው ቀረ። በ1985 ያለ ባንድ፣ ብቻውን ሆኖ አኮርዲዮኑንና ኪቦርዶቹን ይዞ አንድ ካሴት ሠራ፤ ድራሙን የመታለት ማሽን ነው። ያ ካሴት በ2013 በውጭ አገር እንደገና ታትሞ ስሙን በዓለም ዙሪያ አነሳው። በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተባለውን አልበም ከአውስትራሊያዊው ድራመር ቶኒ በክና ከቤዝ ተጫዋቹ ማይክ ማይኮቭስኪ ጋር አወጣ።

ሦስቱን አልበሞች አከታትሎ የሰማ ሰው ስለዚህ ጉዳይ ሊማር የሚችለውን ብዙ ነገር ይማራል። በ1985ቱ ላይ ያለው ድራም ቀጭን ነው፣ አይለወጥም፣ ሰው ነኝም አይልም። ኃይሉም ሰው እንዲመስል አላስገደደውም። መሬት አድርጎ ዘርግቶት አኮርዲዮኑን በላዩ ላይ እንደልቡ ያስኬደዋል፤ አንዴ ከምቱ ይቀድማል፣ አንዴ ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ትዝታውን ሲያሽሞነሙን ምቱ ከታች ዝም ብሎ ይጠብቀዋል። በ2018ቱ ላይ ኃይሉ ሲያነሳ ድራሙ ይነሳል፣ ሲተነፍስ ድራሙ ይተነፍሳል። ሁለቱም ያምራሉ። በ1985ቱ ውስጥ ግን የሚንቀሳቀሰው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ያ የሚበቃውም ሰሚው ተቀምጦ ስለሚያዳምጥ ነው። ሰርግ ቤት የተቀመጠ ሰሚ የለውም። እዚያ ዘፈኑን ከግማሽ በላይ የሚሠራው የሚጨፍረው፣ የሚያጨበጭበው፣ እልል የሚለውና የሚቀበለው ሕዝብ ነው፤ ድራሙ ይህን ሕዝብ ካልሰማ የጎደለው ነገር በድምፅ ጥራት አይሞላም።

ከበሮውን ቀረብ ብለን እንየው። ከግንድ ተፈልፍሎ የወጣ፣ ሁለት አፍ ያለው ነው፤ አንዱ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ። ሁለቱም አፍ በቆዳ ተወጥሮ በጠፍር ከላይ እስከ ታች ይታሰራል። መቺዋ በማንገቻው ትከሻዋ ላይ ታንጠለጥለዋለች። ሰፊውን አፍ መሃሉ ላይ በመዳፍ ስታሳርፍበት ወፍራም፣ ሆድ የሚነካ ድምፅ ይወጣል፤ ጠርዙን በጣቶቿ ስትነካው ይሳሳል፤ መትታ መዳፏን ሳታነሳ ብትይዘው ድምፁ እዚያው ይታፈናል። ጠባቡ አፍ በሌላው እጅ በመካከል እየገባ ይመልሳል። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ደገኛ ከተማ ናት፤ ጭጋግና እርጥበት ቆዳውን ስለሚያላላው ከበሮው እሳት ዳር ቀርቦ ይሞቃል፣ እንደገና ይወጠራል። ስለዚህ የሌሊት ስምንት ሰዓቱ ከበሮ የምሽት ሁለት ሰዓቱ ከበሮ አይደለም። መቺዋም ይህን በእጇ ስለምታውቀው ቆዳው ሲላላ ወደ ጠርዙ ትጠጋለች፣ ሲወጠር ወደ መሃል ትመለሳለች። አንድ ኪቦርድ የከበሮን ድምፅ በአራት በአምስት ቅጂ ሊይዝ ይችላል፤ ይህን የሌሊት ጉዞ ግን አይይዝም።

ከድምፁ የበለጠ የሚያሳስበኝ ፍጥነቱ ነው። በኛ አገር ከበሮ በአንድ ፍጥነት ጀምሮ በዚያው ፍጥነት አይጨርስም። ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የጥምቀት ዕለት ታቦት አጅበው የሚያሸበሽቡትን ካህናት ማየት ይበቃል። በአቋቋሙ ሥርዓት ቁሙ ይቀድማል፣ ዝማሜው በመቋሚያ ይከተላል፣ መረግዱ ላይ ከበሮና ጸናጽል በዝግታ ይገባሉ፣ ጽፋቱ ላይ ጭብጨባው ተጨምሮ ሁሉም ይፈጥናል። ፍጥነቱን የሚያዝ አንድ ሰው የለም፤ ከበሮ መቺው መሪውን ያያል፣ መሪው ሕዝቡን ያያል፣ ሕዝቡ ከበሮውን ይሰማል። የሰርጉም ጭፈራ የዚሁ አገር ልጅ ነው። ዘፈኑ ቀዝቀዝ ብሎ ይጀመራል፤ ሁለት ሰዎች መሃል ገብተው ፊት ለፊት ሲገጣጠሙ ከበሮ መቺዋ ትከሻቸውን እያየች ታጠነክራለች፣ ታፈጥናለች፤ አንዱ ሲያሸንፍ ወይም ሁለቱም ሲደክሙ ሁሉም በአንድነት ይበርዳል፣ ሌላ ጥንድ ይገባል።

ኪቦርዱ ባለበት ድንኳን ብዙ ጊዜ የሚሆነውን ልናገር። ተጫዋቹ ስታይሉን 118 ላይ አስነስቶታል። የሙሽራው አክስቶች ከበሮ ይዘው ከወዲያኛው የድንኳን ጫፍ ይገባሉ። ለሁለት ሦስት ደቂቃ አብረው ይሄዳሉ። ከዚያ ጥንዶቹ ይጋጠሙና ከበሮዋ ማፍጠን ትጀምራለች፤ ኪቦርዱ 118 ላይ ነው። ሴቶቹ ሲቀድሙ፣ ስፒከሩ ወደ ኋላ ሲጎትት፣ ጭብጨባው መሃል ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ ስፒከሩ አጠገብ ያሉት ከኪቦርዱ ጋር፣ ከበሮዋ አጠገብ ያሉት ከከበሮዋ ጋር። ተጫዋቹ ሲሰማው የቴምፖ ቁልፉን ተጭኖ 124 ያደርገዋል፤ በዚያች ቅጽበት ከበሮዋ እሱን ልትጠብቅ ብላ ቀዝቀዝ ብላለች። አሁን ደግሞ ኪቦርዱ ቀደመ። ጥንዶቹ እጃቸውን አውርደው ይስቁና ይወጣሉ። በመጨረሻ የሚሸነፈው ከበሮው ነው፤ ስፒከር የለውምና። አክስቶቹ ከበሮውን አስቀምጠው ወንበር ይፈልጋሉ።

ለዚህ ግጭት ተጫዋቹንም ሴቶቹንም የማይመለከት አንድ ምክንያት አለ፤ ድምፅ ራሱ ቀርፋፋ ነው። በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ይሄዳል። ከስፒከሩ 17 ሜትር ርቃ የቆመች ከበሮ መቺ የኪቦርዱን ምት የምትሰማው 50 ሚሊ ሰከንድ ዘግይታ ነው፤ ከሰማችው ጋር በትክክል ብትመታም የእሷ ምት ተመልሶ ኪቦርዱ ጋ ሲደርስ 100 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቷል። በ120 ፍጥነት የችክችካ ሦስት ትንንሽ ምቶች እያንዳንዳቸው 167 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ናቸው። ከአንዷ ትንሽ ምት ግማሽ በላይ ተዛነፈ ማለት ነው! ኪቦርድ ተጫዋቹ «ሴቶቹ ምት አይጠብቁም» ሲል፣ ሴቶቹም «ማሽኑ አያስኬድም» ሲሉ ሁለቱም የሰሙትን ነው የሚናገሩት። ባንድ ውስጥ ድራመር መሃል ላይ የሚቀመጠው፣ ከባዶ አዳራሽ ይልቅ በባልደረቦቹ ዓይንና በሞኒተር የሚመራው በዚሁ የተነሳ ነው።

እዚህ ላይ «ታዲያ ድራመር ይምጣ» የሚል ይኖራል። ፍትሐዊ ለመሆን የድራመሩንም ችግር እናንሳ። በደርግ ዘመን በየአውራጃው የኪነት ቡድን ሲቋቋም፣ በጎጃም እንደ ጊሽ ዓባይ ያሉት ስማቸው ሲገን፣ ዘመናዊ መሣሪያም ወደ ክፍለ ሀገሩ ከተሞች ገብቶ ነበር። ዛሬ ግን በአዊ ዞን ውስጥ አንድ ወጣት ድራም ልማር ቢል በየት ይማራል? ድራም ሴት ውድ ነው፣ ቦታ ይይዛል፣ ጎረቤት ይረብሻል፣ በባጃጅ አይጫንም። ድራመር ካለ ቤዝ ያስፈልጋል፣ ቤዝ ካለ ሊድ ጊታር፤ አንድ ገበሬ ልጁን ለመዳር አምስት ሙዚቀኛ ከባሕር ዳር ሊያስመጣ አይችልም። ቢያስመጣም ድንኳን ውስጥ በሁለት ማይክ የተያዘ ድራም ሲምባሉ ብቻ ጆሮ እየበሳ የዘፋኙን ግጥም ይውጠዋል። ምት የማይጠብቅ ድራመር ደግሞ ከየትኛውም ማሽን የባሰ ነው፤ ማሽኑ ቢያንስ ቦታውን አይለቅም። ኪቦርዱ የገባው በስንፍና ሳይሆን በኑሮ ምክንያት ነው። በአዊኛ ለሚዘፍን ወጣትም ኪቦርድ ባይኖር ኖሮ የመጀመሪያ ሥራውን ማስቀረጽ የማይታሰብ ነበር። ይህን ውለታ መካድ አይገባም።

ድራመር ስለሌለን ግን ድራሙን ሙሉ በሙሉ ለፋብሪካ ስታይል መተው አለብን ማለት አይደለም፤ የአዊ ጉዳይ ከአዲስ አበባው የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። በፍላሽና በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት ስታይሎች በትልልቅ ምድብ የተሰየሙ ናቸው፤ ጎጃም፣ ጎንደር፣ ወሎ፣ ጉራጌ፣ ትግርኛ። የአዊኛ ዘፈን ሲመጣ ተጫዋቹ የሚያስነሳው ጎጃም የሚለውን፣ ቀጥ ያለ ስድስት ስምንተኛ ችክችካውን ነው። ዘፈኑ ምቱን መምረጡ ቀርቶ ምቱ ዘፈኑን ይመርጣል። ዜማው ከስታይሉ ጋር የማይገጥምበት ቦታ ላይ የሚታጠፈው ዜማው ነው፤ ዘፋኙ አንድ ቃል ይስባል ወይም ይቆርጣል። ይህ በአንድ ሰርግ ላይ ቢሆን አያስጨንቅም። ነገር ግን ዛሬ በእንጅባራና በዳንግላ የሚያድግ ልጅ የወላጆቹን ዘፈን የሚሰማው በአብዛኛው በዚህ መልኩ ነው፤ ነገ ራሱ ከበሮ ቢይዝ የሚመታው የስታይሉን አመታት ይሆናል። የእኔ ዋና ስጋት ይህ ነው። የድምፅ ጥራት ገንዘብ ሲኖር ይስተካከላል፤ ከጆሮ የጠፋ አመታት ግን በገንዘብ አይመለስም።

ማሽን የአንድን አገር ሙዚቃ ሊያጠፋ እንደሚችል ሁሉ ሊያዋልድም ይችላል። ኃይሉ መርጊያ ያንን ካሴት በሠራበት በ1985፣ በጃማይካዋ ኪንግስተን ዌይን ስሚዝና ፕሮዲዩሰሩ ኪንግ ጃሚ ካሲዮ ኤምቲ 40 በተባለች ትንሽ ኪቦርድ ውስጥ የነበረውን የሮክ ምት አዘግይተው ስሌንግ ቴንግ የተባለውን ሪትም ሠሩ፤ የጃማይካ ሙዚቃ ከዚያ ወዲህ መልኩ ተቀየረ። ምቱን ያበጀችው ኦኩዳ ሂሮኮ የተባለች ጃፓናዊት የኩባንያው ባለሙያ ናት። ጃማይካውያኑ ግን የተሰጣቸውን እንዳለ አልወሰዱትም፤ ፍጥነቱን በራሳቸው ዳንስ ለክተው ቀየሩት። በኛም አገር ድራመሩ ተፈሪ አሰፋ ነጋሪት ባንድን መሥርቶ የየብሔረሰቡን አመታት እየቀሰመ በድራም ሴት ላይ ሲያመጣ እንዲሁ ከሕዝቡ ተነስቶ ወደ መሣሪያው ነው የሄደው። በዞናችን እየሆነ ያለው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ከመሣሪያው ተነስቶ ወደ ሕዝቡ።

ይህን ተገላቢጦሽ መመለስ የማይቻል ወይም ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። በመካከለኛ ኪቦርዶች ላይ እንኳ የራስን ስታይል መሥራት ይቻላል፤ ድምፅ ቀድቶ ማስገባት የሚፈቅዱም አሉ። ጥር 23 ቀን የሰባቱ ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር ከአንከሻም፣ ከባንጃም፣ ከዚገምም፣ ከሌላውም ወረዳ የመጣ ሰው እንጅባራ ላይ ይገናኛል፤ ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ሜዳ የሚያሰባስብ ሌላ ቀን አዊ የለውም። ካሜራው ሁሉ ፈረሱ ላይ ነው፤ ፈረሱም ይገባዋል። ከበሮ መቺዎቹን ግን ጥሩ ማይክ ይዞ ቀርቦ የሚቀዳ አላየሁም። የዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያና የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ከዚያ ቀን በፊትና በኋላ ባሉት ቀናት ከየወረዳው የመጡትን መቺዎች ጸጥ ያለ ቦታ አስቀምጠው ቢቀዱ፣ ሰፊውንና ጠባቡን አፍ ለየብቻ በሁለት ማይክ ቢይዙ፣ ከሁሉም በላይ አንዱን ዘፈን ከቀዝቃዛ መነሻው እስከ ፈጣን ማብቂያው ሳይቆርጡ ቢያስቀሩት፣ ለኪቦርድ ተጫዋቾቻችን ከጀኖስ የሚሻል ነገር በእጃቸው ይገባል። ቀጂዎቹ ለመቺዎቹ ተገቢውን ክፍያ መክፈል፣ ስማቸውንም መመዝገብ አለባቸው፤ ድምፃቸው ነገ በየድንኳኑ የሰው እንጀራ ይሆናልና።

እስከዚያው ድረስ ለተጫዋቾቹ የምለው አለኝ። አብዛኛው ኪቦርድ ላይ የስታይሉን ክፍሎች አንድ በአንድ የሚያጠፋ ቁልፍ አለ። ከበሮው ሲገባ ድራሙንም ቤዙንም አጥፉት። ከበሮ መቺዋን ከድንኳኑ ጫፍ አምጥታችሁ አጠገባችሁ፣ ዓይን ለዓይን በምትተያዩበት ቦታ አቁሟት፤ ያላችሁን ሁለተኛ ማይክ ከሰፊው አፍ አንድ ስንዝር አርቃችሁ ስጧት። ክራሩን ወይም ማሲንቆውን በቀኝ እጃችሁ፣ ቤዙን በግራ እጃችሁ እናንተው ተጫወቱት፣ ፍጥነቱን እሷ ትያዝ። መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል፤ ለዓመታት 118 ላይ የለመደ እጅ ከሚንቀሳቀስ ምት ጋር ሲሄድ ይደናገራል። ጥንዶቹ መሃል ገብተው ሲጋጠሙ ግን እሷ ወዴት እንደምትሄድ ትከሻቸው ቀድሞ ይነግራችኋል።